አዲስ የፍሬን ሸራም ይሟሻል

እንደሚታወቀው አዳማ የመንገድ ከተማ ናት። ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚወርደው ተሳቢ፣ ወደ አሰላና ወደ ባሌ የሚወጣው አውቶቡስ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሚኒባስ ሁሉ ወይ በእሷ ያልፋል ወይ ከእሷ ይነሣል። በከተማዋ ውስጥ ደግሞ ባጃጁ አለ። መኪና በበዛበት ጋራዥ ይበዛል፤ ጋራዥ በበዛበት ቦታ ሁሉ ደግሞ አንድ የማያረጅ ክርክር አለ። ሸራ ያስቀየረው ሹፌር በማግስቱ ተመልሶ "ሲጢጥ ይላል፣ ደህና ሸራ አልገጠምክልኝም" ይላል። መካኒኩም "ትንሽ ሲሠራ ይተወዋል" ብሎ ይሸኘዋል።

ለመሆኑ አዲስ ሸራ ለምን ይጮኻል? "ትንሽ ሲሠራ" ማለትስ ምን ያህል ሲሠራ፣ እንዴትስ ሲሠራ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ሰው ጭኖ ቁልቁለት የሚወርድ መኪና ላይ ሲሆን ቀላል አይደለም። ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ጽሑፍ ጉዳዩን ከሥሩ ለማየት እንሞክራለን።

ሸራ ስንል ምን ማለታችን ነው?

በአገራችን ጋራዦች "የፍሬን ሸራ" የሚባለው ፍሬን ሲያዝ ከጎማው ጋር የሚሽከረከረውን ብረት ጨምቆ የሚያቆመው ክፍል ነው። የሚሽከረከረው ብረት ጠፍጣፋ ከሆነ ዲስክ፣ እንደ ከበሮ ክብ ከሆነ ደግሞ ታምቡር ይባላል። በአብዛኞቹ ሚኒባሶች ከፊት ዲስክ ከኋላ ታምቡር ነው ያለው፤ ባጃጅ በአብዛኛው በታምቡር ነው የሚሠራው።

"ሸራ" የሚለው ስም ደግሞ ከነገሩ ታሪክ ጋር የሚሄድ ነው። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ እ.ኤ.አ. በ1897 ፌሮዶ የተባለውን ድርጅት ሲጀምር፣ የመጀመሪያዎቹ የፍሬን ሸራዎች በሙጫ የተነከረ ጨርቅ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን አስቤስቶስ የሚባለው እንደ ክር የሚፈተል ማዕድን ሙቀት ስለሚችል ዋና ግብዓት ሆነ። ሆኖም ብናኙ የሳንባ ካንሰር እንደሚያመጣ ስለተረጋገጠ ብዙ አገሮች ከልክለውታል። ዛሬ ሸራ የሚሠራው ከልዩ ልዩ ክሮች፣ ከብረት ብናኝ፣ ከግራፋይትና ከሴራሚክ ነው። እነዚህን ሁሉ አጣብቆ የሚይዘው ግን አሁንም ሙጫ ነው። ይህን ሙጫ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ፍሬን የሚሠራው ሥራ በአጭሩ ፍጥነትን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። መኪናው ሲሮጥ የነበረው ጉልበት የትም አይጠፋም። ወደ ዲስኩና ወደ ሸራው ይገባና እየሞቀ ለአየር ይሰጣል።

ምጣዱና ዲስኩ

አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝቶ በዚያው ቀን እንጀራ የሚጋግር የለም። መጀመሪያ ይሟሻል። በእሳት ይሞቃል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ ይጨሳል፣ ይጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቱ ልሙጥ ሆኖ እንጀራው ሳይጣበቅ የሚነሣው። ሳይሟሽ የተጋገረበት ምጣድ እንጀራውን ይይዘዋል፣ ይቆራርጠዋል።

አዲስ ሸራም እንደዚሁ ነው። ከካርቶኑ ወጥቶ ሲገጠም ሁለት ነገር ይጎድለዋል። አንደኛ፣ የሸራው ፊትና የዲስኩ ፊት ገና አልተዋወቁም። በዓይን ልሙጥ ቢመስሉም የሚነካኩት በከፊል ብቻ ነው። አሮጌው ሸራ በዲስኩ ላይ ያወጣው መስመር ካለ ደግሞ ግንኙነቱ ይብሱን ያንሳል። ሁለተኛ፣ በደንብ የሚይዝ ፍሬን ብረትን በመፋቅ ብቻ አይደለም የሚሠራው። ከሸራው ላይ በጣም ስስ የሆነ ሽፋን በሙቀት ወደ ዲስኩ ይሻገርና ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ሸራው የሚይዘው በአብዛኛው ከገዛ ራሱ ዓይነት ሽፋን ጋር እየተጣበቀና እየተላቀቀ ነው። ይህ ስስ ሽፋን በምጣዱ ላይ የጎመን ዘሩ እንደሚተወው ፊት ነው ማለት ይቻላል።

ሽፋኑ በሁሉም ቦታ እኩል ከተለጠፈ ፍሬኑ ለስላሳና ብርቱ ይሆናል። እዚህ ወፍሮ እዚያ ከሳሳ ግን በእግርም በመሪም ላይ መንቀጥቀጥ ይመጣል። ብዙ ጊዜ "ዲስኩ ተጣሟል" ተብሎ ለቶርኖ የሚወሰደው ዲስክ በእውነቱ ያልተጣመመ፣ ሽፋኑ ብቻ የተዛባበት ሊሆን ይችላል።

ሙጫው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ሸራ ለመጀመሪያ ጊዜ በኃይል ሲሞቅ በውስጡ ያለው ሙጫ በከፊል ወደ ጋዝ ይለወጣል። ጋዙም በሸራውና በዲስኩ መካከል ይገባና መያዣውን ያዳልጠዋል። ስለዚህ ያልተሟሸ ሸራ ገጥሞ ወዲያው ሙሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት የወረደ ሹፌር፣ እግሩ ሥር ያለው ፔዳል ጠንካራ ሆኖ ሳለ መኪናው አልቆም ሊለው ይችላል። ከዚያም የሸራው ፊት ተቃጥሎ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ያብረቀረቀ ሸራ አይይዝም፤ ይጮኻል እንጂ።

እንዴት ይሟሻል?

ነገሩ ከግጠማው ይጀምራል። ዲስኩ ከዘይትና ከቅባት ንጹሕ መሆን አለበት፤ የሸራውንም ፊት ቅባት በነካው እጅ መንካት ጥሩ አይደለም። ሸራ የሚቀየረው ሁልጊዜ በግራና በቀኝ በአንድ ላይ ነው። አንዱን ጎማ ብቻ መቀየር ለጊዜው ገንዘብ ያተርፋል፣ ግን ፍሬን ሲያዝ መኪናውን ወደ አንድ ወገን ይጎትተዋል። ከሁሉም በላይ፣ መኪናው ከጋራዡ ንቅንቅ ከማለቱ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ድረስ ደጋግሞ መረገጥ አለበት። ምክንያቱም አዲሱን ወፍራም ሸራ ለማስገባት ሲባል የሚገፋው ፒስተን ወደ ኋላ ስለሚመለስ፣ የመጀመሪያው እርግጫ እስከ ወለሉ ድረስ ባዶውን ሊወርድ ይችላል።

ቀጥሎ ሜዳ የሆነ፣ ቀጥ ያለና መኪና የማይበዛበት መንገድ መምረጥ ነው፤ ቢቻል በጠዋት። መኪናው ባዶ ይሁን። ፈጣኑ የክፍያ መንገድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ አበባ አዳማ መንገድ ሌሎች በፍጥነት የሚነዱበት ስለሆነ፣ እዚያ እየፈጠኑ እየቀዘቀዙ መሄድ ከኋላ መገጨትን መጋበዝ ነው። ከተማ መሐልም አይመችም፤ መቆም ስለሚበዛ።

ከዚያ መኪናውን ወደ 50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ማድረስና፣ መካከለኛ በሆነ እርግጫ ወደ 10 ኪሎ ሜትር እስኪወርድ መያዝ ነው። ሙሉ በሙሉ አይቆምም። እንደገና ወደ 50፣ እንደገና ወደ 10። ይህን በመሐሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል እየነዱ ከስምንት እስከ አስር ጊዜ መደጋገም ይበቃል። ትንሽ የተቃጠለ ሽታ ቢመጣ አያስደነግጥም፤ ምጣዱም ሲሟሽ ይጨሳል። በመጨረሻ አስር ደቂቃ ያህል ፍሬን ሳይነኩ በዝግታ መንዳትና አየር እንዲያቀዘቅዘው ማድረግ ነው።

"ለምን አይቆምም?" የሚል ይኖራል። ሸራው በጣም ሞቆ ሳለ መኪናው ቆሞ ፔዳሉ ተረግጦ ከቆየ፣ ሸራው በነካው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወፍራም ሽፋን ያትማል። ቅድም ያነሣነው መንቀጥቀጥ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በዚሁ ምክንያት መኪናው እንደገባ የእጅ ፍሬን ከመሳብ ይልቅ በማርሽ አስገብቶ ድንጋይ ማስደገፍ ይሻላል።

ለፈጣን አነዳድና ለከባድ ሥራ ተብለው የተሠሩት፣ "ፐርፎርማንስ" የሚባሉት ሸራዎች ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ብዙ ሙቀት እንዲችሉ ተደርገው ስለተሠሩ ለማሟሸትም ከፍ ያለ ፍጥነትና ጠንከር ያለ እርግጫ ይጠይቃሉ፤ አንዳንዱ ደግሞ በፋብሪካው ተሟሽቶ ይመጣል። ስለዚህ በካርቶኑ ውስጥ ያለችውን ወረቀት ሳያነቡ መጣል አይገባም።

የታምቡር ሸራም ይሟሻል። እንዲያውም የሸራው ቅስትና የታምቡሩ ክብ በደንብ እስኪገጥሙ መያዣው በከፊል ብቻ ስለሆነ፣ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በለስላሳ አነዳድ መጨረስና ከዚያ ማስተካከያውን ማየት ተገቢ ነው።

ግማሽ ሰዓቱ የማነው?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቢደመር ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ታዲያ ለምን አይደረግም? መልሱ ከመካኒክነት ይልቅ ከኑሮ ጋር የተያያዘ ነው። ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የሚነዳ ሰው በአብዛኛው ለባለንብረቱ የሚያስገባው የቀን ገቢ አለው። ጋራዥ የዋለበት ሰዓት ከራሱ ድርሻ የሚቀነስ ነው። ሸራው ተገጥሞ እንዳለቀ ወደ መናኸሪያ ሮጦ ተራ ይይዛል፤ የመጀመሪያው "ማሟሸት" ሰው እስከ በሩ ጭኖ የሚደረግ ይሆናል። መካኒኩም ቢሆን ሌላ መኪና እየጠበቀው ነው። ሥራው የሚለካው ሹፌሩ ከግቢው ሲወጣ ድምፅ በመስማቱና ባለመስማቱ ነው።

እንግዲህ ግማሽ ሰዓቱ የማንም ስላልሆነ ይዘለላል። በእኔ አስተያየት ይህ ሰዓት የግጠማው ሥራ አካል ተደርጎ መቆጠር አለበት። መካኒኩ ወይም ሹፌሩ ባዶውን መኪና ይዞ ይውጣ፣ ያሟሽ፣ ይመለስ፤ ከዚያ ሥራው አለቀ ይባል። ባለንብረቱም ቢሆን ተቃጥሎ በሁለት ወር የሚጣል ሸራ ከመግዛት ግማሽ ሰዓት ቢተው ይተርፈዋል።

ጩኸቱ ከየት ይመጣል?

ማሲንቆ እንዴት እንደሚጮኽ ያየ ሰው የፍሬንን ጩኸት ለመረዳት አይቸገርም። የደጋኑ ጭራ የማሲንቆውን ጭራ ይዞ ትንሽ ይጎትተዋል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰኮንድ በመቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ሸራውም ዲስኩን እንዲሁ ይዞ ይለቀዋል፤ ልዩነቱ በሰኮንድ ከሺህ ጊዜ በላይ መሆኑ ነው። ለዚህ ነው ድምፁ ቀጭንና ጆሮ የሚበሳ የሚሆነው። ዲስኩ፣ ሸራውና ሸራውን የያዘው ብረት በአንድነት እንደ ክራር ሳጥን ያስተጋባሉ።

ያልተሟሸ ሸራ የሚጮኸው መያዙ ወጣ ገባ ስለሆነ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ እሱም አቧራ ነው። ከአዳማና ከሞጆ እስከ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ያለው ምድር እሳተ ገሞራ የሠራው ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው አመድ በባሕርዩ የመስታወት ብናኝ ነው። ነፋስ ደግሞ አይጠፋም፤ በአዳማ ዙሪያ ኮረብታዎች ላይ የቆሙት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ነፋስ መዘውሮች ለዚህ ምስክር ናቸው። ይህ ብናኝ በሸራውና በዲስኩ መሐል ሲገባ ይቧጭራል፣ ታምቡር ውስጥ ሲገባ ደግሞ መውጫ አጥቶ ይጠራቀማል። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚሠራ መኪና ፍሬኑን ቶሎ ቶሎ አስፈትቶ ማጽዳት ይኖርበታል።

ሲጸዳ ግን በኮምፕረሰር አየር መንፋት ትልቅ ስሕተት ነው። የሸራ ብናኝ፣ በተለይ ምንነቱ ያልታወቀ አሮጌ ሸራ ከሆነ፣ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል። አቧራውን የሚተነፍሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማ የሚፈታው ልጅ እግር ተለማማጅ ነው። በውኃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ እያለ ለዚህ ልጅ ሳንባ አለማሰብ ነውር ነው።

የትኛው ጩኸት ምን ይላል?

ጩኸት ሁሉ አንድ አይደለም። ዋና ዋናዎቹን እንመልከት።

ጠዋት መጀመሪያ ላይ ወይም መኪናው ከታጠበ በኋላ ብቻ ሰምተነው ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ሲያዝ የሚጠፋው፣ ዲስኩ ላይ ያረፈ ስስ ዝገት ነው። ምንም አይደለም።

በቀስታ ሲያዝ ሲጢጥ ብሎ በኃይል ሲያዝ የሚጠፋው የመንቀጥቀጥ ድምፅ ነው። ሸራው ከጀርባው ያለው ስስ ቆርቆሮ ተጥሎ ይሆናል፣ ወይም ሸራው የሚንሸራተትበት ፒን ደርቆ ይሆናል። ቆርቆሮውን መልሶ፣ ሸራው ከጀርባው በሚነካበት ቦታና በፒኑ ላይ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በስሱ መቀባት ነው መፍትሔው።

የፐርፎርማንስ ሸራ ሲቀዘቅዝ ቢጮኽ ደግሞ ጠባዩ ነው። ብረት ስለሚበዛበት እስኪሞቅ ድረስ ይጮኻል፤ ብናኝም ያበዛል። በከተማ ውስጥ ብቻ የሚሠራ መኪና እንዲህ ያለውን ሸራ ባይገጥም ይመረጣል፤ ምክንያቱም የሚፈልገውን ሙቀት አያገኝም።

መኪናው ሲሄድ የማያቋርጥና ፍሬን ሲያዝ የሚለወጥ ቀጭን ድምፅ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ "ሸራህ አለቀ" የሚል ማስጠንቀቂያ ነው። በብዙ ሸራዎች ላይ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እንድትነካ ሆና የተሠራች ትንሽ ቆርቆሮ አለች። ሸራው 3 ሚሊ ሜትር ያህል ሲቀረው መቀየር እንጂ መጠበቅ አያስፈልግም።

እንደ ወፍጮ የሚፈጭ ወፍራም ድምፅ ሲሰማ ደግሞ ሸራው አልቆ ብረት ከብረት ጋር ገጥሟል ማለት ነው። እዚህ ላይ "እስከ መናኸሪያው ልድረስ" አይባልም። መቆም ነው።

በአንድ ጎማ በኩል ብቻ ሽታና ሙቀት ካለ፣ ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል ተጣብቆ አልለቅም ብሏል። ይህንን አዲስ ሸራ በመግጠም ብቻ ማዳን አይቻልም፤ አዲሱም ይቃጠላል።

ለማስጮኽ ሳይሆን ለማዳፈን

ጩኸትን ዝም ለማሰኘት የሚደረጉ፣ ባይደረጉ የሚሻሉ ነገሮች አሉ። በሸራው ፊት ላይ ዘይት ወይም ግሪስ መንካት አንዱ ነው። በእርግጥ ድምፁ ይጠፋል፤ ከድምፁ ጋር ግን ፍሬኑም ይጠፋል። ዘይት የጠጣ ሸራ ደግሞ ታጥቦ አይድንም፣ ይጣላል። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ መድፋትም እንዲሁ ነው፤ የጋለ ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሸራውን በመጋዝ መሸንቆርም አለ። አንዳንድ ሸራ ከፋብሪካው ቦይ ተበጅቶለት ይመጣል፤ ያ ታስቦበት የተሠራ ነው። በእጅ የተሸነቆረው ግን ሊሰበር ይችላል። ፊቱ በትንሹ ያብረቀረቀን ሸራ ጠፍጣፋ ነገር ላይ በተነጠፈ የአሸዋ ወረቀት አሽቶ እንደገና ማሟሸት ግን ተገቢ ሙከራ ነው።

ቁልቁለቱ

ይህ ሁሉ ለምን እንደሚያስፈልግ በቁጥር እንይ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ 700 ሜትር ነው። ከነተሳፋሪው 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ ይህን ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 17 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከቀዝቃዛ አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ከዚህ ውስጥ ብዙውን አየሩና ሞተሩ ይካፈሉታል፤ ሹፌሩ ከፈቀደላቸው ነው ታዲያ።

ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ መኪናውን ፎሌ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ግን የሞተሩን ድርሻ በሙሉ በሸራው ላይ ይጭነዋል። ቁጠባውም ቢሆን ለአዳዲሶቹ መኪኖች አይሠራም። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ የሚረጭላቸው ሞተሮች በማርሽ ቁልቁለት ሲወርዱ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጋሉ፤ ፎሌ ሲሆኑ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ያቃጥላሉ። የድሮ ሹፌሮች ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ የሚሉት ለዚህ ነው።

ሙቀቱ በሸራው ብቻ አያበቃም፤ ወደ ፍሬን ዘይቱም ይሻገራል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ነገር ግን ዘይቱ ከአየር ላይ እርጥበት ስለሚጠጣ፣ ሲያረጅ ወደ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፤ ያኔ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ዘይቱን መቀየር ሸራ ከመቀየር እኩል መታየት አለበት።

ለማጠቃለል፣ ሹፌሩ ሸራውን ባስቀየረበት ቀን ግማሽ ሰዓት ይስጠው። ባለንብረቱ ያቺን ግማሽ ሰዓት ከቀን ገቢው ላይ ይተውለት። መካኒኩ ጩኸቱን ከማዳፈኑ በፊት ምክንያቱን ይፈልግ። እኛ ተሳፋሪዎችም ብንሆን ጎማው ሲፈጭ እየሰማን፣ የተቃጠለ ነገር እየሸተተን፣ "ቶሎ እንድረስ" ከማለት ይልቅ "ወንድሜ፣ እስቲ ዳር ያዝና እየው" ብንል አይከፋም። ፊት ለፊት የተቀመጠ ሰው ቢናገር ሹፌሩ ይሰማል።

መልካም መንገድ! ቸር እንሰንብት።